ኮክስ ነኝ፣ ኮሌጅ የቀዘፋ ቡድን መግባት እፈልጋለሁ፤ መንገዱን የሚያውቅ አለ?

ትንሿ_መሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አማርኛዬ ላይ ስህተት ካለ ይቅርታ፣ ከአዲስ አበባ የመጣሁት 4ኛ ክፍል ሆኜ ነው። አሁን ሰሜን ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው፣ 11ኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት ቤታችን የጀልባ ቀዘፋ ቡድን አለው፣ እኔ እዚያ ኮክስ ነኝ። ማለት እኔ አልቀዝፍም። 8 ልጆች ይቀዝፋሉ፣ እኔ ኋላ ተቀምጬ ጀልባውን እመራለሁ፣ በማይክ አወራቸዋለሁ።

ዘንድሮ 3ኛ ዓመቴ ነው። 9ኛ ክፍል እንደገባሁ አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ "ቁመትሽ ስንት ነው?" አለችኝ። ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወንዝ ዳር ቆሜ ስንቀጠቀጥ ራሴን አገኘሁት።

ችግሬ እንዲህ ነው። ቀዛፊዎቹ ኤርግ የሚባል የቀዘፋ መለማመጃ ማሽን አላቸው። ማሽኑ ላይ 2,000 ሜትር በ7 ደቂቃ ከ20 ጨረስኩ ብለው ለኮሌጅ ኮች ይጽፋሉ፣ ኮቹ ቁጥሩን አይቶ ይመልሳል። እኔ ምን ቁጥር ልጻፍ? የጫማዬን? ሁለተኛው ችግር ቤት ነው። አባዬ "ቁጭ ብሎ መጮህ ስፖርት ነው?" ይለኛል። እማዬ ውድድር አይታ አታውቅም ማለት አልችልም፣ ሁሌ ብርድ ልብስና ድፎ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፣ ግን እስከ ዛሬ የትኛዋ ጀልባ የኛ እንደሆነች አታውቅም፤ ባለፈው ለሌላ ትምህርት ቤት እልል ብላለች።

ያለፈበት ሰው ካለ ንገሩኝ።

ስድስት_ኪሎ፦
ይቅርታ እህቴ፣ ልቀልድ አይደለም፣ ግን እኔ እንደገባኝ አንቺ የጀልባው ረዳት ነሽ። "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! የሞላ!" 😂

ትንሿ_መሪ፦
ሾፌርም ረዳትም ነኝ 😂 ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። 8ቱም የሚሄዱበትን አያዩም። ወደፊት የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ጀልባዋ ወደ 18 ሜትር ትረዝማለች፣ ፍሬን የላትም፣ መሪው ደግሞ ከጀልባዋ ሥር ያለች መዳፍ የማታክል ነገር ናት፣ በገመድ ነው የምጎትታት። ከተሳሳትኩ 8 ሰው ይዤ ድልድይ ውስጥ እገባለሁ።

ስድስት_ኪሎ፦
በቃ ተረዳሁ። ረዳቱ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ወርዶ ይሮጣል።

ኮክስ_ነበርኩ፦
እሰይ! ይሄን ርዕስ በአማርኛ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ ቦስተን ነው ያደግኩት፣ ሃይስኩል 4 ዓመት ኮሌጅ ደግሞ 4 ዓመት ኮክስ ነበርኩ። አሁን 29 ዓመቴ ነው፣ ጉሮሮዬ እስካሁን አልዳነም።

ቁጥር የለኝም ያልሽው ልክ ነው። ያንቺ ኤርግ የድምፅ ቅጂ ነው። ኮሌጅ ኮቾች ከኮክስ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሪከርዲንግ ነው። ማይክሽ የሚሰካበት ኮክስ ቦክስ አጠገብ ትንሽ መቅጃ ወይም ስልክ አስሪና ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ቅጂ። ሁሉንም ያልኩሽ ምርጡን የምታውቂው በኋላ ስለሆነ ነው።

አሁን ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የውድድሩን የመጨረሻ 300 ሜትር ብቻ ይቆርጡና ይልካሉ። እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ይጮሃል፣ እኔም ብሆን እዚያ ላይ ጎበዝ ነኝ። ኮቹ መስማት የሚፈልገው ማክሰኞ ጠዋት ብርድ ላይ፣ ማንም በማያይበት ልምምድ፣ ምን እንደምትይ ነው። ኮቹ አንድ ልምምድ ሲሰጥሽ ጊዜ ሳታባክኚ ታስጀምሪያለሽ? 5 ቁጥር (5ኛ ወንበር ላይ ያለችው ቀዛፊ) መቅዘፊያዋን ዘግይታ ውሃ ውስጥ ስታስገባ ታያለሽ? አይተሽስ እንዴት ነገርሻት? ከነገርሻት በኋላ ተስተካከለ ወይስ አልተስተካከለም፣ እሱንስ መልሰሽ ነገርሻት? ይሄ ነው ሥራው።

"በርቱ፣ ጎበዞች፣ ጠንክሩ" የሚለውን ነገር ቀንሺ። አንዴ ከሆነ ደስ ይላል፣ መቶ ጊዜ ከሆነ ሬዲዮ ነው። ቀዛፊዋ ትንፋሿ አልቆ፣ እግሯ ተቃጥሎ፣ ከፊቷ የምታየው ያንዷን ጀርባ ብቻ ነው። የምትፈልገው መረጃ ነው፦ ስንት ሜትር ቀረ፣ በደቂቃ ስንት ምት እየመታን ነው፣ ከጎናችን ያለችው ጀልባ የት ደረሰች። "34 ላይ ነን፣ 500 ቀረ፣ የነሱን 3 ቁጥር ይዣለሁ፣ 2 ቁጥርን ስጡኝ" (ከነሱ 3ኛ ቀዛፊ ጎን ደርሻለሁ፣ ወደ 2ኛዋ አድርሱኝ ማለት ነው) ስትያት ያን ጊዜ የሆነ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ ይመጣል።

አመራርሽ ግን በቅጂ አይሰማም። መሪውን በነካሽ ቁጥር ጀልባዋ ትቀንሳለች፣ ስለዚህ ጥሩ ኮክስ ትንሽ ነክታ ቀድማ ነው የምታስተካክለው። ይሄን ለማሳየት ከኮችሽ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። ከቀዛፊዎችሽም አስተያየት ሰብስቢ። ብዙ ቡድን በዓመት አንዴ ቀዛፊዎቹ ስለ ኮክሶቻቸው በጽሑፍ እንዲመልሱ ያደርጋል፤ ያንቺ ኮች ካላደረገ ጠይቂው። እኔን 10ኛ ክፍል እያለሁ "ስትናደጂ ድምፅሽ ያስፈራናል" ብለው ጽፈውብኛል። አልቅሻለሁ። ልክ ነበሩ።

እውነቱን_እንነጋገር፦
ልጅት አትቀየሚኝ። ቤተሰብሽ ያን ሁሉ መከራ አይቶ እዚህ ያመጣሽ ጀልባ ላይ ተቀምጠሽ ቁጥር እንድትጠሪ ነው? 11ኛ ክፍል ወሳኝ ዓመት ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ አተኩሪ፣ ጀልባውን ለሀብታም ልጆች ተይላቸው።

የአሌክሳንድርያው፦
ወንድሜ፣ እኔም ከ6 ዓመት በፊት ይሄንኑ ቃል በቃል ብዬ ነበር። ሴት ልጄ ቀዛፊ ነበረች። ታክሲ ነው የምነዳው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ጀልባ ቤት አደርሳታለሁ፣ ከዚያ ወደ ኤርፖርት። ሀብታም ስፖርት ነው ያልከው አልተሳሳትክም፣ መዋጮውን ባየሁ ጊዜ ራሴን ይዤ ነበር፣ ግን ለማይችል ቤተሰብ የሚቀንሱበት መንገድ ነበረው፣ እኛ ስላልጠየቅን አንድ ዓመት ሙሉ ከፈልን። ሰው መጠየቅ ያፍራል፣ የኛ ሰው በተለይ።

የኔ ልጅ፣ ስለ ገንዘቡ ልንገርሽ፣ ይሄን የሚነግርሽ ስለማይኖር። በአሜሪካ ኮሌጅ የሴቶችና የወንዶች ቀዘፋ ሁለት የተለያየ ዓለም ነው። በ1972 የወጣ ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አለ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሴቶችን በስፖርትም እኩል ማስተናገድ አለበት ይላል። የአሜሪካ ፉትቦል ብቻውን መቶ የሚሆን ወንድ ይይዛል። ያን የሚያመጣጥን ብዙ ሴት የሚይዝ ስፖርት ሲፈለግ ቀዘፋ ተገኘ። በ1997 የሴቶች ቀዘፋ የኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር) ሻምፒዮና ሆነ። የወንዶቹ እስከ ዛሬ ኤንሲኤኤ ውስጥ የለም፤ አይአርኤ የሚባል የራሳቸው ውድድር አላቸው፣ ከ1895 ጀምሮ።

ስኮላርሺፕ ያለው እንግዲህ በብዛት በሴቶቹ በኩል ነው። ግን "ፉል ራይድ" (ሙሉ ወጪ የሚሸፍን) እያሉ የሚያወሩትን አትስሚ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዲቪዥን 1 (በከፍተኛው ደረጃ) አንድ ቡድን ከፍተኛው 20 ስኮላርሺፕ ነበር፣ ያንን ለ50 ለ60 ልጅ ቆራርሰው ነው የሚያካፍሉት። ከ2025 ወዲህ በፍርድ ቤት ስምምነት የመጣው አዲሱ አሠራር ውስጥ የገቡ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ገደቡ ቀርቶላቸው በምትኩ ቡድኑ ከ68 ልጅ እንዳይበልጥ ሆኗል። አይቪ ሊግ (እነ ሃርቫርድና ዬል) ለስፖርት አይሰጥም፣ ዲቪዥን 3ም አይሰጥም፣ የሚሰጡት በብዛት በቤተሰብ ገቢ ላይ ተመሥርተው ነው፣ እሱ ደግሞ ለኛ ዓይነቱ ቤት አንዳንዴ ከስፖርቱ ገንዘብ ይበልጣል። ፋፍሳውን (የመንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ መጠየቂያ ቅጹን) በጊዜ ሙሉ። ልጄ የገባችው በዚያ ነው እንጂ በመቅዘፊያዋ አይደለም። መቅዘፊያው በር ከፈተላት፣ ያው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ፣ ተሳፋሪ መጣ። የመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፉ ኮክሷን ብድግ አድርገው ወንዝ ውስጥ ወረወሯት። ልጅቷን ሊያሰጥሟት ነው ብዬ እየጮህኩ ሮጥኩ። ለካ ባህላቸው ነው። አባትሽን አስቀድመሽ ንገሪው።

ትንሿ_መሪ፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ 🙏 ፋፍሳ የሚለውን ለእማዬ አነበብኩላት፣ ጻፊው አለችኝ፣ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ወንዝ ውስጥ ሁለቴ ተወርውሬያለሁ፣ ለአባዬ ዝናብ ነው ብዬዋለሁ።

እናት_ነርስ፦
እኔ ስለ ጀልባ አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር አሳስቦኝ ነው። ኮክሶች ክብደት መቀነስ አለባቸው ሲባል ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ ሁዳዴ ነው። የኔ ልጅ ትጾሚያለሽ? ከትምህርት በኋላ ብርድ ላይ 2 ሰዓት ውሃ ላይ ከሆንሽ ምን በልተሽ ነው?

ትንሿ_መሪ፦
እጾማለሁ እትዬ፣ ቤታችን ሁሉም ይጾማል። 112 ፓውንድ ነኝ። አንዲት ልጅ 100 ብትገቢ ኮቾች ይወዱሻል ብላኝ እያሰብኩበት ነበር።

ኮክስ_ነበርኩ፦
አይ! አይ! አይ! ይሄን እዚሁ እንቁረጠው።

በኤንሲኤኤ የሴቶች ውድድር የኮክስ ዝቅተኛ ክብደት 110 ፓውንድ ነው። ከዚያ በታች ከሆንሽ ልዩነቱን የአሸዋ ከረጢት አሸክመው ነው ጀልባ ውስጥ የሚያስገቡሽ። 100 ብትሆኚ 10 ፓውንድ አሸዋ ይዘሽ ትቀመጫለሽ። ምን ተረፈሽ? ራስ ምታት። በዓለም አቀፍ ውድድር 55 ኪሎ ነው፣ ለሴትም ለወንድም። እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ወንዶችን ለመምራት ካሰብሽ ደግሞ ከሴቶቹ ከፍ ይላል። አንቺ 112 ነሽ፣ በቃ፣ ልክ ነሽ፣ ከዚህ ወዲያ ስለ ክብደት ማሰብ አቁሚ።

እናት_ነርስ፦
ተመስገን። እንግዲህ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሱፉን በደንብ ብዪ። ተልባም አለ። ጠዋት ሳትበዪ የምትውዪ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ሁኔታውን ንገሪያቸው፣ እሳቸው ያሉሽን አድርጊ። ለኔ ልጅ ኳስ ሲጫወት እንዲህ ነው ያደረግነው። ውሃ ጠጪ፣ ውሃ ላይ ያለ ሰው ውሃ አይጠማውም የሚመስላችሁ አላችሁ።

ለንደን_ያለሁ፦
ከዚህ ልግባ። እኔ ቀዘፋን የማውቀው በኦክስፎርድና ካምብሪጅ ውድድር ነው፣ ከ1829 ጀምሮ ያለ ነው፣ በየዓመቱ ቴምዝ ዳር ቆመን እናያለን፣ 6.8 ኪሎ ሜትር ነው። የሚገርመኝ ነገር በ1981 ኦክስፎርድ የወንዶቹን ጀልባ እንድትመራ ሴት አስቀመጠ፣ ሱ ብራውን ትባላለች፣ አሸነፉ። ስለዚህ እህቴ የወንዶች ቡድንም ብትጠይቂ አያፍሩብሽም ለማለት ነው።

ኮክስ_ነበርኩ፦
ትክክል፣ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥም የወንዶች ጀልባ የሚመሩ ሴቶች ሞልተዋል። ኦሎምፒክ ላይ ተገላቢጦሹም አለ፣ ቶኪዮ ላይ ብር ያገኘችውን የኒውዚላንድ ሴቶች ጀልባ የመራው ኬሌብ ሸፐርድ ወንድ ነው።

ለአባትሽ ደግሞ ይሄን ንገሪው። ሜሪ ዊፕል የምትባል ኮክስ አለች፣ አሜሪካ በ2008 ቤጂንግ በ2012 ለንደን በሴቶች ባለ 8 ጀልባ ወርቅ ስትወስድ መሪዋ እሷ ነበረች። ሜዳሊያው ለኮክስ አይቀነስም፣ እኩል ነው። ያዝ ፋሩክ ደግሞ አለች፣ ኮክስ ሆና ሁለት ኦሎምፒክ ሄዳለች፣ በኋላ አሰልጣኝ ሆና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን በ2017 እና በ2019 ሻምፒዮን አድርጋለች። ኮሌጅ ስትገባ ማንም አልመለመላትም፣ ዊስኮንሲን ላይ ራሷ ሄዳ ነው በር ያንኳኳችው።

አሁን ስለ አካሄዱ። 10ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ከሰኔ 15 ጀምሮ (በፈረንጁ ጁን 15) የዲቪዥን 1 ኮቾች ሊጽፉልሽ ይችላሉ፣ ስለዚህ አንቺ ጊዜው ደርሷል፣ እንዲያውም ትንሽ ዘግይተሻል። አይጽፉልሽም ግን። ኮክስ ራሷ ነው የምትጽፈው። አንድ ቡድን ለኤንሲኤኤ ሻምፒዮና ሁለት ባለ 8 እና አንድ ባለ 4 ጀልባ ነው የሚያመጣው፣ 20 ቀዛፊና 3 ኮክስ ማለት ነው። ያም ማለት በዓመት የሚወስዱት ኮክስ አንድ ወይ ሁለት ነው። ለ3 ትምህርት ቤት ጽፈሽ አትቀመጪ፣ ለ15 ጻፊ። ዌብሳይታቸው ላይ ያለውን ቅጽ ሙዪ፣ የኤንሲኤኤ ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር (ለመወዳደር ብቁ መሆንሽን የሚያጣራው ቢሮ) ላይ ተመዝገቢ። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፣ የትምህርት ውጤትሽ፣ ክብደትሽ፣ የምትመሪያት ጀልባ፣ ቅጂው፣ የኮችሽ ስልክ። የሕይወት ታሪክሽን ተዪ፣ እሱን ለማመልከቻው ድርሰት አቆይው።

ደግሞ ክለብ ቡድኖችን አትናቂ። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሴቶቹ የዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ቡድን ነው፣ ኤንሲኤኤን በ2010 እና በ2012 ወስደዋል፣ የወንዶቹ ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ክለብ ነው። ክለብ ውስጥ ልምድ ያላት ኮክስ ስትመጣ እጇን ስመው ነው የሚቀበሏት። እኔ ራሴ እንደዚያ ነው የገባሁት፣ ሁለት ይፋዊ የዩኒቨርሲቲ ቡድን እምቢ ብለውኝ። ቻርልስ ወንዝ ላይ ጥቅምት ላይ የሚደረገውን ትልቁን ውድድር 3 ጊዜ መርቻለሁ፣ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዊክስ ድልድይ ጋ ወደ ግራ በኃይል ይታጠፋል፣ እዚያ ላይ ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ተደርድሮ የሚጋጭ ይጠብቃል። እኔ በ2ኛው ዓመት አላሳፈርኳቸውም 🙈 መቅዘፊያ ከመቅዘፊያ ተቆላልፎ 8 ልጅ እያፈጠጠብኝ።

ትንሿ_መሪ፦
ስለ መጋጨት ካነሳሽ አይቀር፣ ለመናገር አፍሬ ነበር። ያለኝ ምርጥ ቅጂ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ባለፈው የጸደይ ውድድር፣ 1,500 ሜትር ነው የኛ፣ መሀል ላይ የጎን ንፋስ ገፋን። ዘግይቼ አየሁት፣ ከዚያ መሪውን በጣም ሳብኩት። የ3 ቁጥር መቅዘፊያ ቡዩን (መስመሩን የሚለየውን ተንሳፋፊ ምልክት) መታ፣ ልጅቷ ክራብ ያዘች (መቅዘፊያዋ ውሃ ውስጥ ተያዘባት)፣ እጀታው ደረቷን መታት፣ ጀልባዋ ልትቆም ደረሰች። 3ኛ ነበርን፣ 5ኛ ወጣን። ቅጂው ላይ 4 ሰከንድ ዝም ብያለሁ። ምንም የለም፣ ንፋስ ብቻ። ከዚያ "3 ቁጥር፣ ደህና ነሽ? መቅዘፊያሽን ውሰጂ፣ ሌሎቻችሁ ቀስ፣ አብረን በ2፣ አንድ፣ ሁለት" እላለሁ። ቀሪው 600 ሜትር እስካሁን ከመራሁት ሁሉ የተሻለ ነው። ያቺን 4 ሰከንድ ቆርጬ ላውጣት?

ኮክስ_ነበርኩ፦
እንዳትነኪያት። እንዳለ ላኪው። ከላይ በአንድ መስመር ጻፊ፦ "በዚህ ደቂቃ መሪውን ዘግይቼ አብዝቼ ሳብኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።" ኮቹ የማይጋጭ ኮክስ እንደሌለ ያውቃል። የማያውቀው አንቺ ስትጋጪ ማንን እንደምትወቅሺ ነው። "3 ቁጥር ምን ሆነሽ ነው" ብለሽ ብትጮሂ ኖሮ ቁረጪው እልሽ ነበር።

እውነቱን_እንነጋገር፦
እሺ ይሄን ሳነብ ትንሽ ገባኝ። ግን ኮምፒውተር ሳይንሱንም።

ትንሿ_መሪ፦
ባዮሎጂ ነው የምፈልገው 😅

ትንሿ_መሪ፦
ከ9 ቀን በኋላ ተመለስኩ። 14 ኢሜይል ላክሁ። 6ቱ መለሱ፣ ከነሱ 3ቱ "እናመሰግናለን፣ ቅጹን ሙዪ" ብቻ ነው ያሉት። ሁለቱ በስልክ ሊያወሩኝ ቀጠሮ ያዙ። አንዷ ኮች ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈችልኝ፦ "ወደ ዳር ስትመለሱ ለ3 ቁጥር ምን አልሻት?" ሁለት ቀን መልስ ሳልጽፍ ቆየሁ። እውነቱ ምንም አላልኳትም ነበር፣ እያለቀስኩ ስለነበር እሷ ናት ያቀፈችኝ። ይቅርታ የጠየቅኋት በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እንዳለ ጻፍኩላት። ለማክሰኞ ደውዪ ብላኛለች።

ሌላ ነገር። አባዬ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ቅጂውን መኪና ውስጥ ከፈትኩት። ስፒከሩን ከፍ አደረገው። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማ። "ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው?" አለኝ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስንደርስ "ያቺ ልጅ ደረቷ ዳነ?" አለ። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ሥራውን ቀይሯል።

የአሌክሳንድርያው፦
ብርድ ልብሱን እንዳይረሳ በይው። ጫማውም የማይንሸራተት ይሁን፣ ዳሩ ጭቃ ነው።

እናት_ነርስ፦
እሰይ የኔ ልጅ! ቅዳሜ ከሥራ ዕረፍት ነኝ፣ ኦኮኳን ወንዝ ላይ ከሆነ ውድድሩ እኛም ቅርብ ነን፣ ልጆቹን ይዤ ልምጣ? ጀልባችሁ ምን ዓይነት ቀለም ናት?

ትንሿ_መሪ፦
ኦኮኳን ነው እትዬ፣ ይምጡ! ጀልባዋ ነጭ ናት። ግን ሌሎቹም ነጭ ናቸው፣ እማዬ ግራ የሚገባት በዚህ ነው። ጀልባዋን አይዩ፣ የመቅዘፊያውን ጫፍ ይዩ፣ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ቀለም የሚቀባው እዚያ ላይ ነው። የኛ ቀይ ሆኖ መሀሉ ላይ ነጭ መስመር አለው። ለእማዬም ትናንት ማታ በወረቀት ሥዬ ሰጠኋት፣ ፋፍሳው አጠገብ ለጥፋዋለች።

ስድስት_ኪሎ፦
እኔ ቀይ ያየሁት ሁሉ ላይ እጮሃለሁ። የሞላ!